የበረኛው የሰም እጅ

ፔኒሼ፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1988

ለአጎቴ አማዴው፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ አያቴም ደህና ናቸው፤ ያልተሻለው ባሕሩ ብቻ ነው፣ ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ለአንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ሰላምታ ይበቃል፤ ወደ ጥያቄዎችህ ልግባ።

አዎ፣ ደብዳቤህን ብቻዬን ነው ያነበብኩት፤ መረብ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ፣ በሩን በቡሽ ክምር ደግፌ። አዎ፣ ቀድጄዋለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ማንም ሹክ ያለኝ የለም፤ ያሳበቀብህ ሬዲዮው ነው። ባለፈው እሁድ ሰውዬው "አማዴው በቡጢ መለሰው፣ አሁንም በቡጢ መለሰው" እያለ ሲደጋግም ሰማሁ። አሸዋው ላይ ስታሠለጥነኝ "መያዝ የሚችለውን ኳስ በቡጢ የሚመታ በረኛ ወይ ሰንፏል ወይ አሞታል" ያልከኝ ራስህ ነህ። ሰነፍ አይደለህም። ስለዚህ ጽፌ ጠየቅኩህ፤ አንተም መዋሸት ስለማትችልበት ነገርከኝ።

የገባኝን ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። የግቡ ቋሚ ላይ ስትወድቅ የግራ እጅህ አንጓ ላይ አንዲት ትንሽ አጥንት ተሰበረች። ማንም የማያውቅህ ከተማ ሄደህ ራጅ ተነሳህ። ሐኪሙ "ዛሬውኑ ጀሶ፣ ከዚያ ሦስት ወር እረፍት" አለህ። አንተ "እሺ ዶክተር" ብለህ ወጣህና አንጓህን በፋሻ ጠቅልለህ፣ ከላይ ጓንት አጥልቀህ ልምምድ ገባህ። ለክለቡ "ወለም ብሎኝ ነው" አልክ። ይህን ሁሉ ያደረግከው ዕድሜህን በሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ስታሞቅ ኖረህ፣ በሠላሳ አንድ ዓመትህ፣ ዋናው በረኛ ጉልበቱ ተበላሽቶ ገና በጃንዋሪ ቦታውን ስላገኘህ ነው። ኮንትራትህ በጁን ያልቃል። ክለብህ ፔድራልቫ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ካልወረደ ፕሬዚዳንቱ ያድሱልሃል። እስከዚያ ከግቡ ከወጣህ ግን ተጠባባቂው ልጅ ይገባል፤ ልጁ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንዴ ከገባ አይወጣም።

እንግዲያው ሦስት ጥያቄ አለኝ። ምን ያህል ያምሃል? ከክለቡ ማን ያውቃል? እንዲህ እየወደቅክበት ብትቀጥል እጅህ ምን ይሆናል አለ ሐኪሙ?

እዚህ ሴኞር ቬናንሲዮ ቡና ቤት ውስጥ አንተ ንጉሥ ሆነሃል። ባለፈው ዓመት "ያ ወንበር ጠባቂ" ሲሉህ የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ አሁን እኔ ነኝ ኳስ ያስተማርኩት ይላሉ። ያስተማሩህ ሰዎች ቁጥር ከመንደሩ ሕዝብ ሊበልጥ ነው። ስልክ ግን እንዳትደውል። ባለፈው ስትደውልልን እማዬ "ሃሎ" ከማለቷ ካርታ ተጫዋቾቹ በሙሉ ካርታቸውን አስቀመጡ፤ ሴኞር ቬናንሲዮማ በደንብ እንዲሰማ ቡና መፍጫውን አጠፋው።

አያቴ አሁንም በረኛነት ሥራ አይደለም ይላሉ። "ሥራ ማለት መረብ ውስጥ ዓሣ ማስገባት ነው። እሱ መረቡ ውስጥ ምንም እንዳይገባ ነው የሚከፈለው።" እሁድ እሁድ ሬዲዮውን የሚሰሙት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው፤ ግን ማንም ድምፁን እንዲቀንስ አይፈቅዱም።

በግራ በኩል አትውደቅ።

ኖኤሚያ

ፔድራልቫ፣ ማርች 3 ቀን 1988

ለኖኤሚያ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። በረዶ ጥሎ የተራራው መንገድ ተዘጋና ፖስተኛው አልመጣም። (ፖስተኛው በየቀኑ መጥቷል፤ የዘገየሁት እኔው ነኝ። መዋሸት አትችልበትም ስላልሽኝ ልሞክረው ብዬ ነው።)

ሕመሙን እንደ ጥርስ ሕመም ቁጠሪው። ሌላ ጊዜ ይረሳል፣ ኳስ ሲመጣ ያስታውሳል። ከልምምድ ስመለስ ከደጅ በረዶ በባልዲ አፍስና እጄን እነክረዋለሁ። አከራዬ "በረዶው ምን ያደርግልሃል?" አለችኝ። "ዓሣ ላስቀምጥበት" አልኳት፤ የባሕር ዳር ሰው መሆኔን ስለምታውቅ አመነችኝ። አሁን ዓሣውን እየጠበቀች ነው።

ከክለቡ ማንም አያውቅም ብልሽ ደስ ባለኝ። የቀኝ ጓንቴን ማሰሪያ የምስበው በግራ እጄ ነው፤ ግራው አሁን መጨበጥ ስላቃተው በጥርሴ እስበዋለሁ። አንድ እሁድ መልበሻ ቤቱ ጥግ ላይ ፊቴን አዙሬ ስስብ ዴልፊም አየኝ። ዴልፊም ማለት ተጠባባቂው ልጅ ነው። መጣና ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ አሰረልኝ፣ ተመልሶ ቦታው ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቀው ያስርልኛል። ለአሰልጣኙ አንዲት ቃል ቢተነፍስ ግቡ የእሱ ነው። አሁን የምፈራው የማንንም አጥቂ አይደለም፤ ጓንቴን የሚያስርልኝን ልጅ ነው።

ከዚያ ተከትሎ በደረሰኝ ደብዳቤሽ "ለምን አትናገርም?" ብለሽ ተቆጥተሻል፤ እናትሽን መሰልሽ። ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ጨዋታ ቆሜ ከተጫወትኩት ይበልጣል፣ ኖኤሚያ። ተጠባባቂ በረኛ ማለት ሰው እንዲጎዳ የማይመኝ፣ ሰው ካልተጎዳ ግን የማይገባ ፍጡር ነው። አሁን ገብቻለሁ። እኔ ራሴ እጄን አንስቼ "ተጎዳሁ፣ አስወጡኝ" የምል ይመስልሻል?

ለእናትሽ ሰላም በዪልኝ። ለአባቴ ስለ እጄ ምንም እንዳትተነፍሺ። ባሕሩ ተሻለው?

አማዴው

ፔኒሼ፣ ማርች 14 ቀን 1988

ለአጎቴ፣

ባሕሩ ተሽሎታል፣ አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ቀረ መሰለኝ። ሐኪሙ ምን አለ? ደግሜ እጠይቅሃለሁ፤ ሰልችቶህ እስክትመልስ ድረስ እጠይቅሃለሁ። ትናንት ሬዲዮው ላይ "በረኛው እጁን ያራግፋል" ሲባል የያዝኩትን ሳህን ጣልኩት። እማዬ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። "ሳሙና ነው" አልኳት። ሳህኑ ደረቅ ነበር።

አሁን ከሐሳብህ የሚያሳርፍህ ወሬ ልንገርህ፤ አያቴን ፍቅር ሳይዛቸው አልቀረም።

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት እሁድ ነው። የእናንተ ጨዋታ ቅንጭብ በቬናንሲዮ ቴሌቪዥን ታየ። አያቴ እንደ ልማዳቸው የማያዩ መስለው ካርታ ይዘው ነበር። አንተ ኳሱን ይዘህ ወድቀህ ተነሳህ፤ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም። አያቴ ካርታቸውን ገለበጡና ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ፤ ያውም እያሸነፉ። ሴኞር ቬናንሲዮ "ሐኪም ጥሩ፤ ቤልሽዮር እያሸነፈ ከጠረጴዛ ተነስቶ አያውቅም" አለ።

ቀጥሎ ሐሙስ መጣ። ቀኝ እጃቸው እንደ መንጠቆ ታጥፎ የቀረ ስለሆነ፣ ለእሁድ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ። እኔ ስቆልፍ እሳቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን ያያሉ፤ እየተረዱ ሳይሆን ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ እየመረመሩ ለመምሰል። ባለፈው ሐሙስ "ቆልፊልኝ" አሉኝ። በሐሙስ ቀን። "የት ሊሄዱ ነው?" ስላቸው "አንቺ ፖሊስ ነሽ?" አሉኝ። ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። ገብተው የቆዩት ሻማና ሰም የምትሸጠው ባሏ የሞተባት ዶና ፔርፔቱዋ ሱቅ ነው። ሲወጡ ኮታቸው ሥር የሆነ ነገር ሸሽገዋል።

ወደ ባሕር ሲወጡ መንገድ ላይ ቄስ ካዩ ገድ የለውም ብለው ጀልባዋን የሚያዞሩ፣ ከሠርጋቸው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያልረገጡ ሰው ለሻማ ምን ጉዳይ አላቸው? ለእማዬ ስነግራት "በሰባ ሁለት ዓመታቸው?" ብላ ቁጭ አለች።

ሠርግ ከሆነ ካባ የምለብስ እኔ ነኝ። አንተ ግን ሦስተኛውን መልስልኝ።

ኖኤሚያ

ፔኒሼ፣ ማርች 28 ቀን 1988

አጎቴ፣

ጉድ ፈልቷል። ተቀምጠህ አንብበው።

ትናንት ሆሳዕና ስለነበር ከአያቴ በቀር መንደሩ በሙሉ የዘንባባ ዝንጣፊውን ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ወጣ። ግድግዳውን ታውቀዋለህ፣ ሥጋ ቤት ነው የሚመስለው፤ እግሩን ያመመው የሰም እግር፣ ዓይኑን ያመመው የሰም ዓይን ሰቅሎበታል። እኔ ስብከቱ ሲረዝምብኝ እነሱን ማየት እወዳለሁ። ቀና ስል አንዲት አዲስ እጅ አየሁ። በቀይ የመረብ ክር ታስራ ተሰቅላለች። ከሥሯ ካርቶን ተንጠልጥሏል፤ ካርቶኑ ላይ እንደ ጀልባ ስም በትልልቁ በቀለም የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ የልጄ የአማዴው እጅ። ቤልሽዮር።

ሐሙስ ዕለት ቁልፉ ለማን እንደተቆለፈ ያኔ ገባኝ። አያቴን ፍቅር ይዟቸዋል ብዬህ ነበር፤ ይዟቸዋል፣ ከዶና ፔርፔቱዋ ግን አይደለም። ማን ነገራቸው? እኔ አይደለሁም፤ እመቤታችን ፊት ቆሜ እምልልሃለሁ፣ እንዲያውም እዚያው ቆሜ ነበር።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሴኞር ቬናንሲዮ መነጽሩን አደረገና ለሁሉም ጮክ ብሎ አነበበው።

"አማዴው እጁን አሞታል እንዴ?"

የእማዬ ፊት እንደ ወረቀት ነጣ። እኔ ቶሎ ብዬ "ለጥበቃ ነው፤ እንዳይታመም" አልኩ።

"የኔ ልጅ፣ እንዳይታመም ብሎ ሰም የሰቀለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው የሚሰቅለው ወይ ሲያመው ነው ወይ ሲድን።"

ይህ ገና መጀመሪያው ነው። የቬናንሲዮ አማች ሴቬሪኖ ለምሳ መጥቶ ነበር። ሴቬሪኖ የቫላዳ ቡድን አውቶቡስ ሹፌር ነው። ቫላዳዎች በኤፕሪል አሥር እናንተ ሜዳ የሚመጡት፣ የተሸነፈው ይወርዳል የሚባልበት ጨዋታ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ጸሎት ቤቱ ገባ። ቀና ብሎ ያቺን እጅ አያት። ከዚያ የራሱን እጅ አንስቶ ከእሷ ጋር አስተያየ። እያፏጨ ወጣ።

ልሰርቃት አስቤ ነበር። እጄን ዘርግቼ፣ የስለት ዕቃ የሚሰርቅ ሰው እጁ ይደርቃል የሚባለው ትዝ አለኝና መለስኩት። ለአንድ ቤተሰብ አንድ የተበላሸ እጅ ይበቃል።

ምን ላድርግ? እማዬ ሌሊቱን ስታለቅስ ያደረች ይመስለኛል፤ እኔን ስታይ ግን ሽንኩርት ነው ትላለች፣ በሾርባው ውስጥ ሽንኩርት የለም። በቴሌግራም መልስልኝ። ቴሌግራም የሚደርሰን በቡና ቤቱ በኩል ስለሆነ ቬናንሲዮ ያነበዋል፤ ስለዚህ "ባሕሩ ደህና ነው" ካልክ ዝም እላለሁ፤ "ባሕሩ ተናውጧል" ካልክ ለእማዬም ለአያቴም ሁሉን እናገራለሁ።

ኖኤሚያ

ፔድራልቫ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1988

ለኖኤሚያ፣

ቴሌግራሜ ውሸት ነበር፤ ባሕሩ ደህና አልነበረም። ይቅርታ። ለአሰልጣኙ ልነግረው ሁለቴ ቢሮው ድረስ ሄጄ፣ ሁለቴም የልምምድ ሰዓት ጠይቄው ተመለስኩ።

አንድ ለዜሮ ማሸነፋችንንና ፍጹም ቅጣት ምት መያዜን ሬዲዮው ነግሯችኋል። ሬዲዮው ያልነገራችሁን ልንገርሽ።

ከጨዋታው በፊት የቫላዳው አምበል ሲጨብጠኝ እጄን አልለቅ አለ። ቀኝ እጄን ጨምቆ ዓይን ዓይኔን ያያል። ምን ሆኗል ይህ ሰው አልኩ። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፤ ኳሱ ሁሉ ወደ ቀኜ ይመጣል። ከሩቅ የሚመታው ወደ ቀኝ፣ በጭንቅላት የሚገጨው ወደ ቀኝ። አንዴ አጥቂያቸው ብቻውን ደረሰብኝ፤ ግራዬ እንደ በር ተከፍቶለት ሳለ ዞሮ ወደ ቀኜ መታው። ያንን ያዝኩት። ተከላካዮቻችን "ዛሬ ምን በልተህ መጣህ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ በውስጤ፣ አሁን ይነቁብኛል፣ አሁን አንዱን ወደ ግራ ይሞክራሉ እያልኩ ነፍሴ ልትወጣ ነው።

መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምቱ መጣ። መቺው ወደ ቀኜ አየ። በረኛን ለመሸወድ የሚፈልግ ሰው ወዲህ አይቶ ወዲያ ነው የሚመታው። እስከዚያ ሰዓት ግን ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ወደ ቀኜ ወደቅሁ።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ኮረብታው ላይ ውጪና ያቺን እጅ በደንብ እይልኝ። ቀኝ ናት ግራ?

ሌላውን ጥያቄሽን ሌላ ጊዜ። ግራ ጓንቴን ከጨዋታው በኋላ ያወለቀልኝ ዴልፊም ነው። መቀስ ያስፈልጋል ወይ ብሎኝ ነበር፤ አላስፈለገም፣ ለጥቂት።

አማዴው

ፔኒሼ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1988

አጎቴ፣

ቀኝ ናት። ሰላምታውን በኋላ እመለስበታለሁ።

አውራ ጣቷን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ የራሴንም እጅ አጠገቧ አንስቻለሁ። ቀኝ። ሴቬሪኖም ያን ቀን እንዲሁ ሲያመሳክር ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ ከድንጋጤ የተነሳ።

ሴቬሪኖ ቅዳሜ መጥቶ ቡና ቤቱ መሀል ቆመና "ያ ሽማግሌ ሆን ብሎ ነው፤ በእመቤታችን ስም ወጥመድ ዘረጋብን" ብሎ ጮኸ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አያቴ ጀግና ሆነዋል። ሴኞር ቬናንሲዮ አረቄ በነፃ ቀዳላቸው፤ በሕይወቱ በነፃ የቀዳው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። "ቤልሽዮር ቫላዳን ብቻውን አሸነፈ" ይላል ለገባ ለወጣው። አያቴ አረቄውን ጠጥተው፣ ወደ ቤት ስንመለስ "ምን አደረግሁ ነው የሚሉት?" አሉኝ።

ይህንን ሲሉኝ ነው የደነገጥኩት።

"አያቴ፣ የአጎቴ የታመመው እጅ የቱ ነው?"

"ቀኙ ነዋ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ዓይን የለኝም? በቬናንሲዮ ቴሌቪዥን አየሁት። ወድቆ ሲነሳ አንድ እጁን መሬት አላስነካም። ሰው ተመርኩዞ የማይነሳው ሲያመው ነው።"

"የቱን እጁን?"

"በዚህ በኩል ያለውን" ብለው ወደ ቀኛቸው ጠቆሙኝ።

"ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ ነበር?"

"ታዲያስ። ልጄን በጀርባው ነው የማውቀው?"

ፊት ለፊታቸው ቆምኩና ግራ እጄን አነሳሁ። "ይህ በየት በኩል ነው ያለው?"

"በቀኝ።" ከዚያ ቆሙ። እጄን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ፣ ደግሞ እጄን አዩ። አርባ ዓመት ጭጋግ ውስጥ ጀልባ የመሩ ሰው ናቸው፣ አጎቴ። መንገዱ መሀል ቆመው ቀሩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። እኔ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር።

"ግራው ነው?" አሉ።

ይቅር በለኝ፤ ሁሉን ነገርኳቸው። ሐኪሙን፣ ጀሶውን፣ በረዶውን። ቴሌግራሙ ያዘዘኝ ዝም እንድል ነበር፤ ግን ዓይኖቻቸው እየጠየቁኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ግዴለም፣ እመቤታችን ትለየዋለች" አልኳቸው።

"በምን ትለየዋለች? እኔ በግልጽ የለመንኳት ስለ ቀኙ ነው። ይኸው ቀኙን ጠበቀችው። ግራው ባዶውን ነው የተጫወተው።"

ቤት ገብተን ተቀመጡ። ያቺን የታጠፈች እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። እጃቸውን ገመድ እንደጎዳው አውቅ ነበር፤ ነገሩን ግን ነግረውኝ አያውቁም፣ አንተንም ነግረውህ የሚያውቁ አይመስለኝም። ሰርዲኑ በገፍ የወጣበት ዓመት ነበር አሉ። ገመዱ ከመዘውሩ ጋር ጨምድዶ ያዛቸው። ጣታቸው ተሰበረ። መርከበኞቹ ወደ ወደብ እንመለስ ሲሏቸው "ዓሣው ሲያልፍ እታከማለሁ" ብለው በጨርቅ አሰሩት።

"ዓሣው አለፈ" አሉ። "የአንገቴን ቁልፍ የሚቆልፍልኝ ማን ነው?"

"እኔ።"

"ይህንኑ ጻፊለት።"

"ሌላስ ምን ልበለው?"

"ሌላ የለም።"

ሦስተኛውን ጥያቄዬን አትመልስልኝ፤ መልሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሾርባ በግራ እጁ እየበላ ነው። እማዬ የሰማችው ከኋላ ቆማ ነው። በዚህ ጊዜ ሽንኩርት ነው እንኳ አላለችም።

ቫላዳን አሸንፋችኋል። ለሌሎቹ ግን ወዲያ ወዲህ የሚያሳስት የሰም እጅ የለንም። የሚቀጥለው ቡድን ወደ ግራህ ይመታል፤ አንተም እንደማታውቅ ሆነህ ትወድቅበታለህ። ሰላምታዬን የምልክልህ ለክለቡ ስትነግር ነው።

ኖኤሚያ

ፔድራልቫ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1988

ለኖኤሚያ፣

ነገርኳቸው። ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤ ገብቼ ነው የነገርኳቸው። እስከ ክርኔ ጀሶ ነኝ። የክለቡ ሐኪም ራጁን አይቶ፣ አንድ ሁለት ጨዋታ ብትጨምር ኖሮ ሹካ መያዝ ይቸግርህ ነበር አለኝ። ሦስተኛው ጥያቄሽ ይኸው ነው። የመጀመሪያውም ሐኪም ያለኝ ይህንኑ ነበር።

አሰልጣኙ ጮኸ። ፕሬዚዳንቱ አልጮኹም፤ "እናያለን" ብቻ አሉኝ። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ፣ ግን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

እሁድ ዴልፊም ይገባል። ዛሬ ልምምድ ላይ የጓንቱን ማሰሪያ ሁለቴ ሲስተው አየሁ። ሄጄ በቀኝ እጄ ጓንቱን አሰርኩለት።

ለአባቴ ምን እንደምለው አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ።

አማዴው

ፔኒሼ፣ ጁን 13 ቀን 1988

ለአጎቴ፣

እንዴት ነህ? ክንድህ እንዴት ነው? አየህ፣ ቃሌን ጠብቄ ሰላምታ እየሰጠሁ ነው። ዛሬ የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ስለሆነ መንገዱ ሁሉ የሰርዲን ጥብስ ጢስ ነው፤ ደብዳቤውን ስትከፍተው ቢሸትህ የኔ ጥፋት አይደለም።

"ምን አላችሁ?" ብለህ ለጠየቅከኝ፣ በተራ ልመልስልህ።

ዴልፊም በገባባቸው እሁዶች አያቴ ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው አዙረው ነው የተቀመጡት። "ይህ ልጅ ቢይዝም ቢስትም የሚያመን እኛን ነው፤ እንግዲህ ፊት ለፊት እንስማው" አሉ። እኔ ቢይዝ ፔድራልቫ ይተርፋል፣ ቢይዝ ደግሞ ያንተ ቦታ ይሄዳል እያልኩ ጥፍሬን ጨረስኩ። በመጨረሻው ጨዋታ አቻ ወጥታችሁ ስትተርፉ እማዬ አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ያንተ ዝምታ መጣ። ፖስተኛውን ሲያዩ አያቴ ቀድመው ይወጡና፣ ባዶ እጁን ሲያዩት ወደ ባሕሩ እንደሚያዩ ይሆናሉ። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤህን ሲሰጠኝ እዚያው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

"ኮንትራቴን ለአንድ ዓመት ብቻ አደሱልኝ" የሚለው ጋ ስደርስ እማዬ እመቤቴ አለች። "ግቡንም ወንበሩንም ከዴልፊም ጋር ተሻምተን" የሚለው ጋ አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልትፈርም ስትሄድ በጀሶ እጅ የአንገት ቁልፍህን መቆለፍ አቅቶህ ዴልፊም መጥቶ የቆለፈልህ ጋ ስደርስ "እሱን ቦታ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። ሾርባቸው ቀዘቀዘ።

በኋላ ጠየቁኝ። "የፈረመው በየትኛው እጁ ነው?"

"በቀኙ ነዋ አያቴ። ሌላው ጀሶ ውስጥ ነው።"

"በቀኙ" አሉና ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያው አልተሳሳትኩም።"

ይህን ለሴኞር ቬናንሲዮ እንዳይነግሩት ለመንኳቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ በነፃ ከቀዳ ቡና ቤቱን ይዘጋዋል።

ከመቀመጫቸው ተነስተው ኮፍያቸውን ፈለጉ። እኔ ወደ ጥብሱ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። መጥተው ፊቴ ቆሙ፤ ዛሬ ሰኞ ነው፣ እሁድ አይደለም።

"ቆልፊልኝ" አሉ። "ላመሰግናት ነው።"

አንገታቸውን ቀና አድርገው ጣሪያውን አዩ።

ኖኤሚያ